የሕዝቅያስ ቀሰም

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ይጮኻል። እታለማሁ ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ ታየዋለች እንጂ አታነሳውም። ቁጥሩ አይታይም፤ ደዋዩ ግን አይጠፋትም፤ ከእስር ቤት የሚደውልላት አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላት። ጮኾ ጮኾ ሲበቃው ዝም ይላል። እሷም ወደ ቀሰሞቿ ትመለሳለች።

ጨካኝ ናት እንዳትሉብኝ ብቻ። ጨካኝ ሰው ቢያንስ የሚጨክንበት ልብ አለው። የእታለማሁ ልብ ደንዝዟል፤ ጥርስ ሐኪም ቤት መርፌ የተወጋ ድድ እንደሚደነዝዘው። ብትነክሰውም አይሰማትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ሕዝቅያስ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ወጣ፤ በዚያው በወጡበት አንድ የሰው ልጅ በቢላ ተወግቶ ሞተ። ቢላውን የያዘው ሕዝቅያስ አልነበረም። ግን አብሮ ሄዷል፣ አብሮ ቆሟል፣ አብሮ ሮጧል፤ ፍርድ ቤቱም አብሮ ፈረደበት። ፍርዱ ሲነበብ እታለማሁ ኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ከፊቷ የሟቹ እናት ተቀምጣ ነበርና እሪ ብላ አለቀሰች። እታለማሁም እሪ ልትል አፏን ከፈተች፤ ያቺን ሴትዮ አየችና መልሳ ዘጋችው። "ልቅሶው የእሷ ነው፤ እኔ በምን አፌ?" አለች በሆዷ። እንባዋ እዚያው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ እንባም አልመጣ፣ ሳቅም አልመጣ፤ ረሃብ እንኳ በስንት ጉትጎታ ነው የሚመጣው።

ሰው ሲጠይቃት "ካናዳ ሄደ" አለች። ለምን ካናዳ እንደመጣላት እሷም አታውቀውም፤ ሩቅ ስለሆነ ይሆናል። አንዴ ከአፍ ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰዋል! የለንደኑ ሼፈርድስ ቡሽ ሐበሻ ሁሉ፣ ከገበያው ሥጋ ቤት ጀምሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ "ልጅሽ አገሩን ለመደው? ብርዱ እንዴት አደረገው?" ይላታል። "ልጁ ደህና ነው" ትላለች። ስሙን አትጠራም። "ልጁ" ነው የምትለው፤ የጎረቤት ልጅ ይመስል።

እንግዲህ ወደ ቀሰሞቹ ልምጣ። ቀሰም ታውቁ የለ? ሸማኔ ማጉን የሚጠቀልልባት፣ መወርወሪያው ሆድ ውስጥ የምትገባ ቀጭን ሸምበቆ። እታለማሁ ያደገችው ሽሮ ሜዳ ነው፤ ልጅ ሆና ለጎረቤታቸው ሸማኔ ቀሰም ታጠነጥን ነበር። ከፍርዱ በኋላ አንድ ቀን አክስብሪጅ ሮድ ላይ ያለ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ቻሪቲ ሾፕ ገባች፤ ብርድ ሸሽታ እንጂ ልትገዛ አይደለም። ብርጭቆ ውስጥ እንደ እርሳስ የቆሙ ቀጫጭን አጥንቶች አየች፤ ጫፋቸው ላይ በሽቦ የታሰረ ዶቃ ተንጠልጥሎባቸዋል። አንዱን አነሳችው። እጇ አወቀው። "ይሄማ ቀሰም ነው" አለች። ማንም ሳይጠይቃት ከተናገረች ስንት ጊዜዋ ነበር።

እውነትም የቀሰም ዘመድ ነው። የድሮ የእንግሊዝ ሴቶች ጠንካራ ትራስ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ክሩን በእነዚህ አጥንቶች ላይ ጠቅልለው፣ አጥንቶቹን ግራና ቀኝ እያቀያየሩ ዳንቴል ይሠሩባቸው ነበር። ዶቃው ክብደት ይሰጠዋል፤ ክሩን ወጠር ያደርገዋል። ታዲያ ሴቶች አይደሉ፣ ዝም ብሎ አጥንት አይበቃቸውም። ያስጌጡታል። አንዱን በብረት ቀለበት እንደ ነብር ያዥጎረጉሩታል። አንዱን ሆዱን እንደ መስኮት ይፈለፍሉትና ውስጡ የስንዴ ፍሬ የምታህል ሌላ ቀሰም ትንቀጫቀጫለች፤ "እናትና ልጅ" ይሉታል። ሌላው ላይ በቀይና በሰማያዊ ነጠብጣብ ስም ይወጉበታል። "ውዴ ጆን" ይላል። "ቶሎ ሳመኝ" የሚልም አለ፤ እንዲህ ያሉ ዓይን አውጣዎች ነበሩ።

እታለማሁ መሰብሰብ ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ፓም የምትባል ጠና ያለች እንግሊዝ ጠረጴዛ ዘርግታ ትሸጣቸዋለች። እታለማሁን "ኤታ" ነው የምትላት። ሙሉ ስሟን አንድ ቀን ሞክራው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ተዉት።

ለምን ትሰበስባለች ብትሉኝ፣ ቀሰም አይጠይቃትማ! "ልጅሽ ለመደ ወይ" አይልም። ትሪ ላይ ትደረድራቸዋለች፣ በጨርቅ ትወለውላቸዋለች፣ ዶቃቸው ቅጭል ቅጭል ይላል፣ ቀኑ ይመሻል። በቃ ይኸው ነው።

አንድ ቅዳሜ ግን ሳታስበው ከአፏ አመለጣት። "ሄዘካያ የሚል አለሽ?" አለቻት ፓምን። ሕዝቅያስን እዚህ አገር እንደዚያ ነው የሚሉት፤ ሲወለድ የመዘገበችው ሴት በእነሱ አጻጻፍ ጻፈችውና በዚያው ጸና። "የድሮ ሰዎች ስም እኮ ነው፤ ካገኘሁ አስቀምጥልሻለሁ" አለች ፓም። እታለማሁ ቃሉን መልሳ ብትውጠው በወደደች ነበር። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ ስትሄድ እግሯ ይፈጥናል። ያንን ስም በአፏ ማለት አቅቷታል፤ ስልክ አንስታ "ሕዝቅያስ" ማለት አቅቷታል። በእጇ ብትይዘውስ? እጇ አፏን ይቀድም ነበር ድሮም።

አልታየሽን ገና አላወቃችኋትም። ከሱዳን ጀምሮ አብራት የመጣች፣ አሁንም በዚያው ሕንፃ ከላይ የምትኖር ጓደኛዋ ናት፤ እታለማሁ ላውንደሪ የሰው ልብስ ስታጥብ ስትውል ሕዝቅያስን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አፏ አያርፍም፤ እጇም ባዶውን አይመጣም። ብርድ በገባ ቁጥር ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይዛ ከች ትላለች። "ለካናዳ ላኪለት። በረዶው እግር ይቆርጣል አሉ።" እታለማሁ "እሺ" ትልና ቁም ሣጥን ውስጥ ታጉረዋለች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አልታየሽ ነጠላዋን እንዳጣፋች ገባች። የቀሰሙ ትሪ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"በስመ አብ ወወልድ! ምንድነው ይሄ?"

"ቀሰም ነው።"

"አጥንት ነው እንጂ!" አንዱን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አነሳችው፤ በጣቷ አትነካውም። "አጥንት ላይ ጨሌ! እታለም፣ ጨሌ እኮ ነው ይሄ! በእናትሽ፣ ወገኖችሽ ነበረባቸው እንዴ?"

ጨሌ የምትለው ዛር ያለባቸው ሰዎች ለውቃቢያቸው የሚያስቀምጡትን፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርደውን ዶቃ ነው። ክርስቲያን ቤት ከተገኘ ወይ ውሃ ይወስደዋል ወይ እሳት።

"እንግሊዞች ናቸው የሠሩት" አለች እታለማሁ። "ለዳንቴል።"

"እና እንግሊዝ ጠንቋይ የለውም ያለሽ ማነው?" አልታየሽ መነጽሯን አድርጋ ስሞቹን ማንበብ ስትጀምር ደግሞ ባሰባት። "ሜሪ... ሱዛን... ጆን... እነዚህ ሰዎች ምን አደረጉሽ? የሰው ስም አጥንት ላይ አስወግተሽ ቤትሽ ታስቀምጪያለሽ? አበስኩ ገበርኩ!"

ድሮ ቢሆን እታለማሁ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አሁን ግን "ሻይ ልጣድልሽ?" አለች።

"ይኸው! ይኸው እኮ ነው! አታለቅሺ፣ አትስቂ፣ ድርቅ ብለሽ ቀረሽ። እኔ ልጇ ርቆባት ነው ስል፣ ለካ ይሄ ነው የያዘሽ!" ከቦርሳዋ የጠበል ጠርሙስ አወጣችና ትሪው ላይ ረጨች፤ ለእታለማሁም ደረሳት። "በሚቀጥለው እሑድ መጥቼ፣ አንድ ሳላስቀር፣ ቴምዝ ወንዝ ነው የምጨምረው።"

"እሺ።"

"እሺ አትበይኝ!"

"እሺ።"

ስልኩ ጮኸ። ሁለቱም አዩት።

"አታነሺውም?" አለች አልታየሽ።

"ማስታወቂያ ነው።"

አልታየሽ ስልኩን አየች፤ እታለማሁን አየች። ጠበሏን ከደነች። ያመጣችውን ካልሲ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጣ፣ ያ ሁሉ አፏ ተዘግቶ፣ ወጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፓም ገና ከሩቅ ስታያት እጇን አወዛወዘች። "ኤታ! ሰውሽን አገኘሁልሽ!" ከጨርቅ ፈትታ አንድ ቢጫ የሆነ አጥንት እጇ ላይ አኖረችላት። ፊደሎቹ በነጠብጣብ የተወጉ ናቸው፤ ከታች ጀምረው እንደ ሐረግ እየተጠመዘዙ ወደ ላይ ይወጣሉ። እታለማሁ አጥንቱን በጣቷ እያዞረች አነበበችው። ሄዘካያ። ደነገጠች ልላችሁ ነበር፤ አልደነገጠችም። ጣቷ ግን ማዞሩን አቆመ።

"የቀረውንም አንብቢው እንጂ" አለች ፓም፣ ፊቷ ትንሽ ፈራ ብሎ። "ከመግዛትሽ በፊት።"

አዞረችው። ከስሙ ቀጥሎ "ሀንግ" ይላል፤ ከዚያ ዓመተ ምሕረት።

እታለማሁ ዕድሜዋን ላውንደሪ የሠራች ሰው ናት። እዚያ ልብስ ወይ ታጥፎ ወይ ተሰቅሎ ነው የሚወጣው። ወረቀቱ ላይ "ሀንግ" ካለ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ መጥቶ ይውሰደው ማለት ነው። "ላውንደሪ ነበር እንዴ ሰውየው?" አለች። ደስ ያላት እንኳ ትመስል ነበር። "ልክ እንደኔ!"

"ላውንደሪ?"

"ተሰቅሏል ይላል እኮ። እንደ ልብስ።"

"አይ ኤታ" አለች ፓም። "ልብስ አይደለም። ሰውየውን ነው የሰቀሉት። በገመድ።"

ከዚያ አስረዳቻት። በዚያ ዘመን ወንጀለኛ በአደባባይ ይሰቀል ነበር፤ ሕዝቡ እንደ ድግስ ወጥቶ ያያል፤ የዕለቱ ማስታወሻ ይሆን ዘንድም የተሰቀለው ሰው ስም የተወጋበት ቀሰም ይሸጣል። እታለማሁ ትሰማለች፤ ግን ነገሩ በአማርኛ ነው ጭንቅላቷ ውስጥ የሚዞረው። በእኛ ቋንቋ ሸሚዝም ሰውም ቃሉ አንድ ነው። ስንት ዘመን "ስቀይው፣ ሰቅዬዋለሁ፣ ተሰቅሏል" ስትል የኖረችበት ቃል። ሕዝቅያስ ተሰቀለ።

"ምን አድርጎ?" አለች።

"ሰው ገድሎ ይሆናል። በግ ሰርቆም ይሆናል። እኔ አላውቅም።"

ቀሰሙን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። "አልፈልገውም።"

"መብትሽ ነው" አለች ፓም። "ግን አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ለማስታወሻ ብቻ የተገዛ ቢሆን ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አዲስ እንደሆነ ይቀር ነበር። ይሄ ተሠርቶበታል። አንገቱን እዪው፤ እጅ በልቶታል። ስሙንም እዪው።"

እውነትም "ሀንግ" የሚለው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ስሙ ግን ሟሟ ብሏል፤ ቀለሙ ከነጠብጣቡ ውስጥ ወጥቶ አልቋል። አንዲት ሴት አውራ ጣቷን እዚያው እዚያው ስታሳርፍ ኖራለች ማለት ነው። ጫፉ ላይ ካሉት ዶቃዎች መሃል ደግሞ ተራ ነጭ ቁልፍ ታስሯል።

"የሸሚዝ ቁልፍ ነው" አለች ፓም። "የእሱ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያሰረችው ዘመዱ ናት፤ ሚስቱ ትሁን እናቱ ማን ያውቃል። እኔ ግን እናቱ ትመስለኛለች።"

"የት ነው ተቀምጠው የሚሠሩት? ቤት ዘግተው?"

"ምን ዘግተው! ብርሃን ያስፈልጋቸዋላ። ቀኑ ጥሩ ሲሆን ደጅ ወጥተው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተያይዘው።"

"ሰው እያየ?"

"ሰው እያየ ነዋ።"

"ስሙን እያነበበ?"

"ማንበብ የሚችል ያነባል። የማይችለውም ያውቀዋል፤ መንደር አይደል እንዴ።"

እታለማሁ ቀሰሙን መልሳ አነሳችው።

አውቶብስ ላይ ላይኛው ፎቅ ተቀምጣ፣ እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ አድርጋ፣ ቀሰሙን ጨብጣ ሄደች። ስለዚያች ሴት ታስባለች። ጎረቤቶቿ እዚያ አደባባይ ወጥተው ልጇ ሲሰቀል አይተዋል፤ ምናልባት ሕፃን አዝለው፣ የሚበላ ነገር ይዘው። በማግስቱ እነዚያው ሴቶች አጠገቧ ተቀምጠዋል። እሷም ስሙን ጭኗ ላይ አንጠልጥላ ዳንቴል ትሠራለች። ምናለ ልጄ ካናዳ ሄደ ብትል? ካናዳ ያኔም ነበረች። እታለማሁ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። አሁን ማልቀስ ነበረብኝ ብላ አሰበች። ጠበቀች። አልመጣም። ከአውቶብሱ ወርዳ፣ ሕንፃዋ ደርሳ ሊፍት ጠራች።

እሑድ አልታየሽ ትልቅ የገበያ ፌስታል ይዛ፣ ለጠብ ተዘጋጅታ መጣች። "ዛሬ እሺ አይሠራም!" አለች ገና በሩ ላይ። እታለማሁ ትሪውን ገፋ አደረገችላት። "ውሰጂው።"

አልታየሽ ግራ ገባት። ስንት ክርክር አዘጋጅታ ነበር። ቅር እያላት፣ በጨርቅ እየያዘች፣ አንድ በአንድ ፌስታሉ ውስጥ መጨመር ጀመረች። "እናትና ልጅ"ን ስታነሳ ውስጧ ያለችው ትንሿ ቀሰም ቅጭል አለች፤ አልታየሽ አማተበች። ልትጨርስ ስትል ነው የእታለማሁን ጭብጥ ያየችው።

"እጅሽ ላይ ያለውስ?"

"ይሄን አልሰጥም።"

"እታለማሁ! ዋናውን አስቀርተሽ?"

"ስሙ አለበት።"

"የማን ስም?"

እታለማሁ አፏን ከፈተች። ፍርድ ቤት እንደከፈተችው ነው የከፈተችው፤ አሁን ግን ከፊቷ ሌላ የምታለቅስ ሴት አልነበረችም።

"የሕዝቅያስ" አለች። እጇን ዘረጋች። "ሕዝቅያስ ተሰቀለ ነው የሚለው።"

አልታየሽ ፌስታሉን ለቀቀችው። ቀሰሞቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። "ውይ ልጄን!" ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ልጄን! ልጄን! መቼ? እዚያው እስር ቤት ውስጥ?"

እታለማሁ የዘረጋችውን እጇን መልሳ ጨበጠች።

"የምን እስር ቤት?" አለች እታለማሁ።

አልታየሽ እጇ ራሷ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

"እሱ አይደለም" አለች እታለማሁ ቀስ ብላ። "የድሮ ሰው ነው፤ የእንግሊዝ። ስማቸው ገጥሞ ነው። የእኛ ደህና ነው። የምን እስር ቤት አልሽ?"

አልታየሽ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች፤ ሲመለስ ደግሞ ከነቁጣው መጣ። "ሐበሻ ባለበት አገር የታሰረ ልጅ ይደበቃል? ማን የማያውቅ አለ! ቄሱ ያውቃሉ፣ ባለ ሥጋ ቤቱ ያውቃል!"

"ታዲያ ካናዳ፣ ካናዳ ስትሉኝ?"

"አንቺ ነሽ ካናዳ ያልሽው! ካናዳ ካልሽ ካናዳ ነው፤ ምን እንበልሽ? ደህንነቱን በምን እንጠይቅሽ?"

"ብርዱ እንዴት አደረገው ስትሉኝ..."

"እና እስር ቤት አይበርድም?" አልታየሽ ድንገት ቀና አለች። "ካልሲውን ሰጥተሽዋል አይደል? አንቺ፣ አድርሰሽለታል አይደል?"

እታለማሁ ተነስታ ቁም ሣጥኑን ከፈተችው። ካልሲዎቹ ተጨናንቀው ነበርና ወለሉ ላይ ከቀሰሞቹ ጋር ወደቁ፤ ሁሉም ጥንድ ጥንድ፣ ከነወረቀታቸው፣ አንድም ያልተነካ። አልታየሽ አየቻቸው። አንዱን ጥንድ አነሳችና ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ አገር ቤት እንደሚለቀሰው። "ይህን ሁሉ ክረምት! ባዶ እግሩን! እኔ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ!"

እታለማሁ ቆማ ታያታለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። እኔ እናቱ ቆሜ እሷ ታለቅሳለች ብላ አሰበች፤ ሐሳቡም እንደ ሌላው ሁሉ መጥቶ አለፈ።

ስልኩ ጮኸ።

አልታየሽ በካልሲው ዓይኗን እየጠረገች ቀና አለች። "ማስታወቂያ ነው?"

"አይደለም" አለች እታለማሁ። በአንድ እጇ ቀሰሙን እንደያዘች በሌላው አነሳችው።

ወዲያ በኩል ማንም አልተናገረም። ሳይነሳለት መጥራት ለምዶ፣ ሲነሳ ምን እንደሚባል ጠፍቶት ነው። በኋላ "እማ?" አለ። ድምፁ ወፍሯል።

የምትለውን ፈለገች። ቁጣ ፈለገች፣ ይቅርታ ፈለገች፣ "ልጄ" የሚለውንም ፈለገች፤ በደነዘዘ ድድ ላይ እንደሚፈለግ ሕመም፣ ምንም የለም። አውራ ጣቷ ቀሰሙ ላይ የሟሟውን ስም አገኘ። ዓይኗም ወለሉ ላይ በወደቁት ካልሲዎች ላይ አርፎ ነበር።

"ሕዝቅያስ" አለች። "እግርህን ይበርድሃል?"



"በጣም" አለ። "በጣም፣ እማ።"